የአባ ጎርጎርዮስን መንገድ በመኪና፦ ባልና ሚስት ከፍራንክፈርት እስከ ኤርፉርት በሦስት ቀን

ፍራንክፈርት የምንኖር ሐበሾች እንግዳ ሲመጣብን የት እንደምንወስደው የታወቀ ነው። የራይን ጀልባ፣ የሃይደልበርግ ግንብ፣ ጊዜ ከተረፈ ደግሞ ባቫሪያ ያለው ነጩ ኖይሽቫንሽታይን። ሁሉም ያምራሉ። እኔና ባለቤቴም ዞረናቸዋል። ልባችን ውስጥ የቀረው ግን ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ቱሪንገን የሄድንበት መንገድ ነው። እዚያ አንድ የእኛ ሰው ቀድሞናል።

በ1652 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) አባ ጎርጎርዮስ የሚባሉ ኢትዮጵያዊ መነኩሴ ጎታ ከተማ ወዳለው የፍሪደንሽታይን ቤተ መንግሥት መጡ። የመካነ ሥላሴ ሰው ናቸው፣ ከአምሐራ። እዚያ ከጀርመናዊው የቋንቋ ሊቅ ከሂዮብ ሉዶልፍ ጋር ቁጭ ብለው ስለ ግዕዝ፣ ስለ አማርኛና ስለ አገራቸው አወሩ። ሉዶልፍ ጠየቀ፣ እሳቸው መለሱ፣ እሱ ጻፈ። በኋላ ይህ ሰው የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት አሳትሟል። ዛሬ አማርኛን በዩኒቨርሲቲ የሚያጠና ፈረንጅ ሁሉ የጥናቱ ሥር ከዚህ ቤት ይመዘዛል።

ስለዚህ ይህን መመሪያ የጻፍኩት ግንብ ማየት ለሚወዱ ጥንዶች ነው፤ በተለይ ደግሞ በአማርኛ ለሚያነቡት። መንገዱ ፍራንክፈርት፣ አይዘናህ፣ ጎታ፣ ኤርፉርት ነው። ሦስት ቀን ይበቃል።

መጀመሪያ ቀኑን ምረጡ

አርብ ጠዋት ውጡ፣ እሑድ ማታ ተመለሱ። ሰኞ እንዳትሉ። ጀርመን ውስጥ ብዙ ሙዚየሞች ሰኞ ይዘጋሉ፣ ፍሪደንሽታይንም እንደዚያው። እኛ በመጀመሪያው ጉዟችን እሑድ ወጥተን ሰኞ ጎታ ደረስን። በሩ ላይ ቆመን ግቢውን ብቻ አይተን ተመለስን። ባለቤቴ ምንም አላለም፤ መኪና ውስጥ ገብቶ ግን ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ለሁለተኛ ጊዜ የሄድነው ለዚያ ነው።

ከግንቦት እስከ መስከረም መጨረሻ ያለው ጊዜ ምርጥ ነው። ቀኑ ረጅም ነው፣ ጫካው አረንጓዴ ነው። በፈረንጆቹ ታኅሣሥ ኤርፉርት ካቴድራል ፊት ትልቅ የገና ገበያ ይቆማል። እውነት ነው ያምራል፤ ግን ሕዝቡ አይጣል ነው፣ የሆቴል ዋጋም ይሰቀላል። ረጋ ያለ ጉዞ የሚፈልግ በዚያ ወቅት ባይሄድ እመክራለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ ከመውጣታችሁ በፊት ተስማሙ፦ በቀን ውስጡን የምትጎበኙት አንድ ግንብ ብቻ ይሁን። ሌላውን ከውጭ እዩት። በቀን ሦስት ግንብ ያየ ሰው ማታ የትኛው የማን እንደነበር አይለይም፤ ከዚያ የእግር ሕመምና ጭቅጭቅ ብቻ ይተርፋል።

መኪናና ወረቀት

የራሳችሁ መኪና ካላችሁ አረንጓዴው የጭስ ተለጣፊ መስታወቱ ላይ መኖሩን እዩ። ፍራንክፈርት መሀል ያለ እሱ መንዳት ያስቀጣል። የኪራይ መኪና ላይ አብዛኛውን ጊዜ ተለጥፎ ይመጣል። ሦስት ማዕዘን ምልክት፣ አንጸባራቂ ሰደርያና የመጀመሪያ እርዳታ ሳጥን የግድ ናቸው። ሰማያዊዋን የፓርኪንግ ሰዓት ካርቶንም አትርሱ። በትናንሽ ከተሞች ብዙ ቦታ ነጻ ፓርኪንግ የሚፈቀደው የደረሳችሁበትን ሰዓት በእሷ ካሳያችሁ ነው። ጀርመን ውስጥ ለትንሽ መኪና የመንገድ ክፍያ የለም።

የምትከራዩ ከሆነ ሁለታችሁም ሾፌር ሆናችሁ ውሉ ላይ ተመዝገቡ። ስሙ ያልተመዘገበ ሰው ነድቶ አደጋ ቢደርስ ኢንሹራንሱ ችግር ይፈጥራል። አብዛኛው አከራይ መያዣውን የሚይዘው በክሬዲት ካርድ ነው፤ ካርዱም የዋናው ሾፌር መሆን አለበት።

ከኢትዮጵያ በቅርብ የመጣችሁ ይህን ልብ በሉ። የኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ ጀርመን ነዋሪ ከሆናችሁበት ቀን ጀምሮ የሚያገለግለው ለ6 ወር ነው፤ እሱም ከሕጋዊ ትርጉም ጋር። ከዚያ በኋላ የጽሑፍና የመንዳት ፈተና ወስዶ የጀርመኑን ማውጣት ነው። «ማንም አይጠይቀኝም» ብሎ መንዳት ያለ መንጃ ፈቃድ እንደ መንዳት ይቆጠራል። ለሽርሽር ብላችሁ የመኖሪያ ጉዳያችሁን አታበላሹ።

ስንቅ

የቱሪንገን ምግብ ስሙ የገነነ ነው። በየአደባባዩ ከሰል ላይ የሚጠበሰው ረጅም ቋሊማ ብራትቩርስት ይባላል፤ ሽታው ከሩቅ ይጠራል። ግን የአሳማ ሥጋ አለበት። የማትበሉ ከሆነ ከማዘዛችሁ በፊት «ሽቫይን» አለበት ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ክሎሰ የሚባለው የድንች ድቡልቡል ግን ግሩም ነው፣ ሆድ ይሞላል። አጠገቡ የሚመጣው ቀይ ጎመን አንዳንዴ በአሳማ ስብ ስለሚሠራ ስለሱም ጠይቁ።

አርብ ስለምትወጡ ጾመኛ ከሆናችሁ «ቬጋን» የሚለው ቃል ሥራችሁን ያቀላል። እኛ ለማንኛውም ከሐበሻ ሱቅ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ገዝተን፣ አንድ ፔርሙዝ ሻይ በቅርንፉድ አፍልተን ነው የምንወጣው። አውራ ጎዳና ላይ ያለው ማረፊያ ውድ ነው፣ ቡናውም ቡና አይባልም።

ቀን 1፦ አይዘናህና ዋርትቡርግ

ከፍራንክፈርት በሐበሻ 2 ሰዓት ላይ ውጡ። ኤ5ን ይዛችሁ ወደ ሰሜን፣ ከዚያ በባድ ሄርስፌልድ በኩል ኤ4ን ይዛችሁ ወደ ምሥራቅ። ወደ 190 ኪሎ ሜትር ነው፤ መንገዱ ካልተዘጋጋ ሁለት ሰዓት ገደማ ይወስዳል። አይዘናህ ልትደርሱ ስትሉ ቱሪንገን የሚል ሰሌዳ ታያላችሁ። እስከ 1989 ድረስ እዚህ ጋ ሁለቱ ጀርመኖች በአጥር ተለያይተው ነበር። አሁን በመቶ ሃያ ሳትቆሙ ታልፉታላችሁ።

በነገራችን ላይ ጀርመንኛው ሁለት ዓይነት ግንብ ይለያል። «ቡርግ» ለውጊያ የተሠራ፣ ተራራ ላይ የተሰቀለ ምሽግ ነው። «ሽሎስ» ደግሞ መስፍን የሚኖርበት ቤተ መንግሥት። ዛሬ ቡርግ ታያላችሁ፣ ነገ ሽሎስ።

ዋርትቡርግ ከአይዘናህ ከተማ በላይ ጫካ መሀል ባለ ገደል ላይ ተቀምጧል። በአፈ ታሪክ የተመሠረተው በ1067 ነው። በ1999 በዩኔስኮ መዝገብ ገብቷል። መኪናችሁን ከታች ባለው ፓርኪንግ አቁማችሁ የመጨረሻውን ዳገት በእግር ትወጣላችሁ። አጭር ነው፣ ግን ቀጥ ያለ ነው። ጉልበታችሁ ካልፈቀደ እስከ ላይ የሚያደርስ አነስተኛ አውቶቡስ መኖሩን ጠይቁ። ጫማችሁ የማያንሸራትት ይሁን፤ የግቢው ድንጋይ ሲዘንብ ሙልጭ ነው።

ውስጥ ገብታችሁ ሁለት ነገር ላይ ጊዜ ውሰዱ።

አንደኛው የኤልሳቤጥ ነገር ነው። የሃንጋሪ ንጉሥ ልጅ ነበረች። በ4 ዓመቷ ለዚህ ቤት ታጭታ መጣች። በ1221 መስፍን ሉድቪግን አገባች። የዚያን ዘመን የመሳፍንት ጋብቻ ፖለቲካ ነበር፤ የእነሱ ግን ፍቅር እንደነበር ይነገራል። በ1227 ባሏ ወደ መስቀል ጦርነት ሲሄድ መንገድ ላይ ሞተ። እሷም በ24 ዓመቷ አረፈች፣ ቤተ ክርስቲያናቸውም ቅድስት አለቻት። ለድሆች በመሶብ ዳቦ ይዛ ስትወርድ ተይዛ፣ ሲገለጥ ጽጌረዳ ሆኖ ተገኘ የሚለውን ተአምር አስጎብኚው ይነግራችኋል። ክፍሏ ከግድግዳ እስከ ጣሪያ በሚያብረቀርቅ የመስታወት ጠጠር ሥዕል ተሸፍኗል። ሥዕሉ የ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሥራ ነው፤ እኔ ባዶ ድንጋዩን እመርጥ ነበር። ባለቤቴ ግን ከዚያ ክፍል አልወጣም ብሎ ነበር።

ሁለተኛው የማርቲን ሉተር ክፍል ነው። ትንሽ ናት። የእንጨት ግድግዳ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ምድጃ፣ እግር ማሳረፊያ የሆነ የዓሣ ነባሪ አጥንት። ሉተር ከግንቦት 1521 እስከ መጋቢት 1522 ስሙን ቀይሮ፣ ጺሙን አሳድጎ እዚህ ተደበቀ። አዲስ ኪዳንን ከግሪክ ወደ ጀርመንኛ የመለሰው እዚች ክፍል ውስጥ ነው፤ 11 ሳምንት ገደማ ፈጀበት። እዚህ ላይ ለእኛ የሚሆን አንድ ወሬ አለ። በ1534 ሚካኤል የሚባል ኢትዮጵያዊ ዲያቆን ቪተንበርግ ድረስ ሄዶ ከሉተር ጋር ስለ ሃይማኖት ተወያይቷል። ማለትም አባ ጎርጎርዮስም የመጀመሪያው አልነበሩም።

ማታ አይዘናህ እደሩ። ሰዓት ከተረፋችሁ ከከተማው ወጣ ብሎ የዘንዶ ሸለቆ የሚሉት የእግር መንገድ አለ። በጣም ጠባቡ ቦታ ከአንድ ሜትር ያንሳል፤ ተከታትላችሁ እንጂ ጎን ለጎን አታልፉበትም። ባለቤትሽ የመኪና ሰው ከሆነ ደግሞ የከተማውን የመኪና ሙዚየም አሳይው። በምሥራቅ ጀርመን ዘመን ዋርትቡርግ የምትባለው መኪና እስከ 1991 የምትሠራው እዚህ ነበር።

ቀን 2፦ ጎታ፣ የጉዞው ልብ

ከአይዘናህ ጎታ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሲከፈት ለመድረስ ሞክሩ።

ፍሪደንሽታይን ማለት የሰላም ዐለት ማለት ነው። መስፍን ኤርንስት መገንባት የጀመረው በ1643፣ የሠላሳው ዓመት ጦርነት ገና ሳያልቅ ነው። አገሩ ወድሟል፣ ሕዝቡ አልቋል። እሱ ለቤቱ ሰላም የሚል ስም ሰጠው። ዋናው በር ላይ ስትደርሱ ቶሎ አትግቡ። ቀና በሉ። ሁለት ምስሎች ሲሳሳሙ የሚያሳይ የድንጋይ ቅርጽ አለ፤ የሰላም መሳም ይሉታል። ከእሱ ጋር ያለው ጽሑፍ «ሰላም ይመግባል፣ ጠብ ይበላል» የሚል ነው። እኛ ከሥሩ ፎቶ ተነሥተናል። ሳሎናችን የተሰቀለው እሱ ነው።

ግቢው ሰፊ ነው። ሦስት ክንፍ፣ በሁለቱ ጫፍ ሁለት ግንብ። አባ ጎርጎርዮስ ሲመጡ ግንባታው ገና አላለቀም ነበር። እስቲ አስቡት። በአገራቸው አፄ ፋሲል ጎንደርን የቆረቆሩት በ1636 ነው። እሳቸው ከአገር የወጡት በዚያው በፋሲል ዘመን፣ ኢየሱሳውያን ሲባረሩ ነው። ሮም ውስጥ በሐበሾቹ ገዳም ሲኖሩ በ1649 ሉዶልፍ አገኛቸው። ሉዶልፍ ግዕዝን ያወቀው ከመጽሐፍ ነበር። በኋላ መስፍኑ ጋበዛቸውና የአልፕስን ተራራ አቋርጠው መጡ። በእርጅና ዘመናቸው! ጥቂት ወራት ቆይተው ተመለሱ። በ1658 ወደ አገራቸው ሲሄዱ መርከባቸው ሰጥሞ ሞቱ። አገራቸውን ዳግም አላዩም።

ይህን ግቢው መሀል ቆሜ ለባለቤቴ ስነግረው ጠጠሩ ከእግራችን ሥር ይንኮሻኮሻል፣ እርግቦች ጣሪያው ላይ ያጉረመርማሉ። «እንግዲህ እዚህ ግቢ ውስጥ አማርኛ የተወራው በእኛ አልተጀመረም» አለኝ። ሌላው ሁሉ ቢረሳኝ ይህችን ደቂቃ አልረሳትም።

ውስጡን ስትጎበኙ የመስፍኑን አዳራሾች፣ ከዚያ ኤክሆፍ ቲያትርን አትለፉ። የ17ኛው ክፍለ ዘመን የእንጨት መዘውር አሁንም አለ። መድረኩ ሥር ሰዎች ገመድ ሲስቡ የመድረኩ ሥዕል በሙሉ በቅጽበት ይለወጣል። ቤተ መንግሥቱ ሰፊና አሮጌ ስለሆነ እድሳት የሚዘጋው ክፍል ሊኖር ይችላል፤ ከመሄዳችሁ በፊት ድረ ገጹን እዩ። ከምድር በታች ያለው የምሽግ ዋሻ ለብቻው በአስጎብኚ ነው የሚታየው። ብርድ ስላለው ሹራብ ያዙ።

ከሰዓት በኋላ መኪናችሁን ወደ ቫንደርስሌበን አዙሩ። ሦስት ኮረብታ፣ በየኮረብታው አንድ ግንብ፦ ግላይሸን፣ ሙልቡርግና ቫክሰንቡርግ። ኤ4 በመካከላቸው ያልፋል። በቀን አንድ ግንብ ስላልን እነዚህን ከውጭ እዩ፤ እግራችሁ ከፈቀደ የግላይሸንን ፍርስራሽ ብቻ ውጡ።

የግላይሸን ግንብ ለባልና ሚስት የሚሆን ተረት አለው። የግንቡ ጌታ የሆነው ኮንት (መስፍን) መስቀል ጦርነት ሄዶ ተማረከ። አንዲት የሱልጣን ልጅ ወደደችውና አገባሃለሁ ካልከኝ አስመልጥሃለሁ አለችው። እሱ ሚስት አለው። ተማምነው መጡ፣ የሮማው ጳጳስ ፈቀዱ ይባላል። ሚስቱ ግንቡ ሥር ወርዳ ሁለተኛዋን አቅፋ ተቀበለቻት። የተገናኙበት ቦታ እስከ ዛሬ የደስታ ሸለቆ ይባላል። እኛ ፍርስራሹ ላይ ተቀምጠን ሻያችንን እየጠጣን ረጅም ክርክር ገጠምን። እኔ ሚስቲቱን አላመንኳትም።

ኤርፉርት፦ ማታና ቀን 3

ቅዳሜ ማታ ኤርፉርት ግቡ። መኪናችሁን አሮጌው ከተማ ውስጥ ይዛችሁ ለመግባት አትሞክሩ። መንገዱ ጠባብ ነው፣ ትራም አለ፣ ለእግረኛ ብቻ የተተወም ብዙ ነው። ሆቴል ስትይዙ «ፓርኪንግ የት ነው?» ብላችሁ በስልክ ጠይቁ። ከሌለው በአቅራቢያ ካለ የፓርኪንግ ሕንፃ አቁማችሁ ሻንጣ እየጎተታችሁ ግቡ። ማደሪያችሁ ግን አሮጌው ከተማ ውስጥ ይሁን። የቀን ጎብኚ ሲሄድ ከተማው ለአዳሪ ይቀራል። ሉተር በ1505 የመነኮሰበት የአውግስጢኖሳውያን ገዳም ራሱ እንግዳ ያሳድራል፤ ጸጥታ ለሚወዱ ጥሩ ነው።

ሻንጣ እንዳስቀመጣችሁ ወደ ክሬመርብሩከ ሂዱ፣ የነጋዴዎች ድልድይ ማለት ነው። በድንጋይ የተሠራው በ1325 ነው። ግራና ቀኙ ቤት ስለሆነ ላዩ ላይ ስትሄዱ ድልድይ መሆኑን አታውቁም፤ ተራ ጠባብ ሰፈር ይመስላል። ዛሬ 32 ቤቶች አሉበት፣ ሰውም ይኖርባቸዋል። ከዚያ በጎን ወርዳችሁ ወንዙ ዳር ካለው ሣር ላይ ቁሙና ወደ ላይ እዩ። ቤቶቹ ቅስቱ ላይ ተደርድረው፣ መብራታቸው ውኃው ላይ ሲንቀጠቀጥ። የምትገዙት ስጦታ ካለ ዛሬውኑ ግዙ፤ እሑድ ጀርመን ውስጥ ሱቅ በአብዛኛው ዝግ ነው።

እሑድ ጠዋት አሮጌው ምኩራብ ሂዱ። አንዳንዱ ግድግዳው የ11ኛው ክፍለ ዘመን ነው። በ2023 ከሌሎች የከተማው የአይሁድ ቅርሶች ጋር በዩኔስኮ ተመዘገበ። ከታች ክፍል በ1998 ከመሬት የተገኘ ሀብት አለ፤ በ1349 አይሁዶቹ ሲጨፈጨፉ የተቀበረ። ከሁሉም መሀል አንዲት የወርቅ የጋብቻ ቀለበት ፈልጉ። ፈርጧ ድንጋይ አይደለም፤ ጣሪያና ቅስት ያላት ትንሽ ቤት ናት። «መልካም ዕድል» የሚል በዕብራይስጥ ተጽፎባታል። ያደረገቻትን ሴት ማንም አያውቃትም። ከዚያ መስታወት ፊት ቶሎ መሄድ አልቻልኩም።

ካቴድራሉ እሑድ ጠዋት ቅዳሴ ስላለ ከቀትር በኋላ ሂዱ። 70ዎቹን ደረጃዎች ውጡ። ሉተር በ1507 የቅስና ማዕረግ የተቀበለው እዚህ ነው። ግሎሪዮሳ የምትባለው ደወል በ1497 ተቀልጣ የፈሰሰች ናት፤ ከ11 ቶን በላይ ትመዝናለች፣ የምትደወለውም በትልልቅ በዓላት ብቻ ነው። ውስጥ ገብታችሁ የግላይሸኑን ኮንት የመቃብር ድንጋይ ፈልጉ። በግራና በቀኙ ሁለት ሴቶች ቆመዋል። የታሪክ ሰዎች አንዷ ከሞተች በኋላ ሁለተኛዋን አግብቶ ይሆናል ይላሉ። የትናንቱ ክርክራችን እዚያው በሹክሹክታ ቀጠለ።

ኃይል ካላችሁ ከጎኑ ያለውን የፔተርስበርግ ምሽግ ወጥታችሁ ከተማውን ከላይ እዩት። ሂዮብ ሉዶልፍ በ1624 የተወለደው ከዚያ ቀይ ጣሪያ ሥር፣ እዚሁ ኤርፉርት ነው።

መመለሻው 250 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እሑድ ማታ ወደ ፍራንክፈርት የሚገባው መኪና ብዙ ስለሆነ በሐበሻ ከ10 ሰዓት በፊት ውጡ። በመሀል ሾፌር ተለዋወጡ፤ ወይን ወይም ቢራ የቀመሰ አይንዳ። ነዳጅ ኤርፉርት ከተማ ውስጥ ቅዱ፣ አውራ ጎዳና ላይ ይወደዳል። የሉዶልፍም መንገድ መጨረሻው ፍራንክፈርት ነበር። የአማርኛው ሰዋስውና መዝገበ ቃላት በ1698 የታተሙት እዚህ ነው፤ እሱም በ1704 እዚሁ አረፈ። የኪራይ መኪና ከሆነ ስትመልሱ የታንኩንና የጎማዎቹን ፎቶ አንሡ፣ ቁልፉንም በደረሰኝ አስረክቡ።